የአንገት መከላከያ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ባሕር ዳር መኪናቸውን አሰናድተው ወደ ውድድር ሜዳ የሚወጡ ጀማሪ አሽከርካሪዎች ስለ ሞተር፣ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ አንገታቸው ትዝ የሚላቸው ግን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ያው ስህተት ተመላልሶ ጋራዣችን ይመጣል።

ከሁሉ የከፋው ሃንስ የተባለውን መከላከያ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ጋር መጠቀም ነው። መኪና ከፊት ሲጋጭ ቀበቶው ደረትን ይዞ ያስቀራል፤ ሄልሜት የጫነው ራስ ግን ወደ ፊት መወርወሩን ስለሚቀጥል ጉልበቱ ሁሉ አንገት ላይ ያርፍና የራስ ቅል መሠረት ሊሰበር ይችላል። ሃንስ በትከሻና በደረት ላይ የሚያርፍ ጠንካራ አካል ሲሆን፣ ከሄልሜቱ ግራና ቀኝ ጋር በማሰሪያ ተያይዞ ራስ ከደረት ርቆ እንዳይሄድ ይገታል። ሃንስን ራሱን በቦታው የሚያቆየው ግን በሁለቱም ትከሻዎች ላይ የሚወርደው የውድድር ቀበቶ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት እኅቱ ከአሜሪካ የላከችለትን ሃንስ አድርጎ ቪትዙ ውስጥ ተቀምጦ አሳየኝ። ቀበቶው የሚያልፈው በግራ ትከሻው ብቻ ስለነበር የቀኙን ክንፍ በሁለት ጣቴ ከደረቱ ላይ አነሣሁት። «ጋሼ፣ ፍተሻ ያለፈ ዕቃ እኮ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን (ኤፍአይኤ) 8858 የሚለው የደረጃ መለያ ተለጥፎበታል። ሆኖም ያ መለያ የሚመሰክረው ዕቃው በተሠራለት ቀበቶ ሲታሰር ብቻ ነው። ቀበቶውን መለወጥ የማይችል ሰው፣ እንደ ሲምፕሰን ሃይብሪድ ካሉት ሌሎች የአንገት መከላከያዎች መካከል በባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እንደሚሠራ አምራቹ በጽሑፍ ያረጋገጠውን ይፈልግ። ባለ አራት ነጥብ ቀበቶም መፍትሔ አይደለም፤ በእግሮች መካከል የሚያልፈው ማሰሪያ ከሌለ ሰውነት በግጭት ጊዜ ከወገብ ቀበቶው ሥር ይሾልካል።

የስፖንጅ ኮሌታ ድካም ያቀልላል እንጂ ራስ ወደ ፊት ሲወረወር አያስቆምም። ርካሽ ስለሆነና አንገትን ስለሚሞላ ብቻ የሚያምኑት ብዙዎች ናቸው።

«ምቾት ይነሣል» የሚለውን ምክንያትም በትዕግሥት መስማት ያቅተኛል። ሃንስን የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲው መምህር ዶክተር ሮበርት ሀባርድ ከአማቹ ከተወዳዳሪው ጂም ዳውኒንግ ጋር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው፤ ታላላቅ ተወዳዳሪዎች ግን በዚሁ ሰበብ ለዓመታት ሲገፉት ቆዩ። የአሜሪካው የናስካር መኪና ውድድር ዝነኛ ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርድት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 በዴይቶና ውድድር የራስ ቅሉ መሠረት ተሰብሮ ሲሞት አላደረገውም ነበር። ናስካር በዚያው ዓመት የራስና የአንገት መከላከያን፣ ፎርሙላ ዋን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ሃንስን ግዴታ አደረጉ። እነርሱ በዚያ ዋጋ የተማሩትን እኛ በነጻ አግኝተነዋል።

የሞተር ሳይክል ሄልሜት ብየዳ ቤት ወስደው በመሰርሰሪያ አስበስተው ማሰሪያውን በብሎን የሚያስይዙ አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ያልታሰበበት ቀዳዳ የሄልሜቱን ቅርፊት ያዳክመዋል፤ ብሎኑም በሚያስፈልግበት ቅጽበት ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል። ለመኪና ውድድር የተሠራ፣ ሄልሜት የሚፈትነው ድርጅት ስኔል ለመኪና ውድድር የሚሰጠው የኤስኤ መለያ ያለውና የማሰሪያ ቦታው በፋብሪካ የተዘጋጀለት ሄልሜት ይገዛ።

ሃንስ የተለያየ የዘንበል ማዕዘን እንዳለው ሳያውቁ የሚያዙም አሉ። ቀጥ ብለው ለሚቀመጡበት የቤት መኪና አብዛኛውን ጊዜ 20 ዲግሪው ይስማማል፤ 30ው ይበልጥ ወደ ኋላ ለተጋደመ መቀመጫ ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ ላለ ዘመድ ከመደወል በፊት መቀመጫው ይለካ።

ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ቀኑን አንብቡ። ለውድድር ዕቃዎች ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካው ድርጅት የኤስኤፍአይ መለያ ያለው ቀበቶ ለ2 ዓመት፣ የኤፍአይኤው ለ5 ዓመት ያገለግላል። ጣና ዳር በቆመ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ቀበቶ ግን ቀኑ ባያልፍም ጨርቁ ስለሚደክም፣ ቀለሙ የለቀቀና እጅ ሲዳስሰው የሚሻክር ከሆነ ይጣል። አንድ ጊዜ ግጭት ያየ መከላከያም ሻጩ ምንም ቢምል አይገዛ፤ ማሰሪያዎቹ በዓይን የማይታይ ጉዳት ይዘው ሊሆን ይችላል።