ሥራ ፈት እረኛ፦ ጉልበቱ ለማያልቅ ውሻ ቤት ስንፈልግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቦቢን የተቀበልኩት ለሁለት ሳምንት ተብዬ ነው። አምስት ወር ቆየ። ሁለት ዓመት የሞላው፣ ጥቁርና ነጭ ቦርደር ኮሊ ነው፤ በግ የሚነዳ የእረኛ ውሻ ዘር። እዚህ ሜሪላንድ የተጣሉ ውሾችን ቋሚ ባለቤት እስኪያገኙ ድረስ ቤታችን የምናቆይ ሰዎች አለን። አደራ ነው እንግዲህ። በአምስቱ ወር ቦቢን ሁለቴ ሰጠሁት፤ ሁለቴም ተመለሰ። ጥፋቱ የሱ አልነበረም። የኔ ነበር።

ግቢ አይቶ መስጠት

የመጀመሪያው ወሳጅ ሰፊ ግቢ ነበረው። ኳስ ሜዳ በሉት። እኔም ሳየው ደስ አለኝ፤ ሌላ ነገር መጠየቅ ረሳሁ። ለመሆኑ ውሻ ባዶ ግቢ ውስጥ ብቻውን ምን ይሠራል? ቦቢ አጥር ሥር አድፍጦ መኪና ይጠብቅ ጀመር። መኪና ባለፈ ቁጥር አጥሩን ተከትሎ ይሮጣል። በሁለተኛው ሳምንት ሳሩ ላይ የእግር መንገድ ወጣ። በሦስተኛው አጥሩን ዘለለ።

ይህ ዘር የመጣው ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ድንበር ነው፤ ስሙም የድንበር ኮሊ ማለት ነው። የዛሬዎቹ ቦርደር ኮሊዎች አባት የሚባለው ኦልድ ሄምፕ የተወለደው እዚያው ኖርዘምበርላንድ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ 1893 ነው። ስም ያወጣው ድምፁን አጥፍቶ በጎቹን በዓይኑ ብቻ በመንዳቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘሩ ሲመረጥ የኖረው ለዚሁ ሥራ ነው፦ ከሩቅ የባለቤቱን ፉጨት ሰምቶ፣ መንጋውን ከቦ፣ ወደ ሰውየው ማምጣት። ሥራው ሁሌም ከሰው ጋር ነው። ግቢ ደግሞ ሰው አይደለም።

እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ስለ አጥሩ ስነግራት ሳቀች። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አለችኝ። ውሻ አሳድጋ አታውቅም፤ ነገሩ ግን ከኔ ቀድሞ ገብቷታል።

ሯጭ ተገኘ ብሎ እልል ማለት

ሁለተኛው ወሳጅ የማራቶን ሯጭ ነበር። በየማለዳው 10 ኪሎ ሜትር። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አልኩ። ከወር በኋላ ሰውየው ደወለ። ቦቢ ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ በር ላይ ቆሞ «እንቀጥል» ይላል። ውሻውም ሯጭ ሆነ ማለት ነው! እግሩ ጠነከረ፤ ጭንቅላቱ ግን አሁንም ሥራ ፈት ነው።

አሁን ማንም ሰው ሲያመለክት የምጠይቀው «ምን ያህል ትሮጣለህ?» ብዬ አይደለም። «ምን ታስተምረዋለህ?» ነው። ምግቡን ሳር ውስጥ በትኖ በአፍንጫው እንዲለቅም ማድረግ፣ ዕቃ ደብቆ ማስፈለግ፣ መሰናክል ማዘለል፣ አሻንጉሊት በስሙ ማስጠራት። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ጆን ፒሊ የሚባሉ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነበሩ። ቼዘር የምትባል ቦርደር ኮሊያቸውን ከ1,000 በላይ አሻንጉሊቶች በየስማቸው አስተምረዋታል። ከእኛ ውሻ ያን ያህል አንጠብቅም። ግን እንዲህ ያለ ጭንቅላት ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እንዲያይ ሲተው ምን እንደሚሆን አስቡት። በሌዘር መብራት ማጫወትማ ጭራሽ አይሞከርም። የማይያዝ ነገር ሲያሳድድ ውሎ፣ በኋላ ጥላና ነጸብራቅ ካላባረርኩ የሚል ውሻ ይወጣዋል።

ማረፍም ትምህርት ነው። ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ዝም ማለትን ማንም ያላስተማረው እረኛ ውሻ በራሱ አይማረውም። እኔ ራሴ ለቦቢ ይህን ማስተማር የጀመርኩት ሁለቴ ከተመለሰ በኋላ ነው። ያናድዳል፣ አውቃለሁ።

ማስታወቂያ ላይ ማቆላመጥ

«ተጫዋች፣ ብልህ፣ ከልጆች ጋር የሚስማማ።» የመጀመሪያው የቦቢ ማስታወቂያ ይህን ነበር የሚለው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። እውነቱ ምንድን ነው? ልጆች ሲሮጡ ከኋላ ተከትሎ ተረከዛቸውን ይቆነጥጣል። ለሱ ጠብ አይደለም፤ ልጆቹ የተበተኑ በጎች ናቸው። ብሉ ሂለር የሚባለው የአውስትራሊያ ከብት ነጂ ውሻ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ላሞችን ተረከዛቸውን እየነከሰ ስለሚነዳ። ለአምስት ዓመት ሕፃን እናት ግን ይህ ማብራሪያ ምንም አይጠቅማትም።

ሁለተኛውን ማስታወቂያ እንዲህ ጻፍኩት፦ «ብስክሌት ያሳድዳል። የሚሮጡ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት አይሆነውም። በቀን ሁለት ሰዓት ካልሰጡት ሶፋዎን ይበላል።» የደወሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሦስቱም ቁም ነገር ጠየቁ።

ለሐበሻ ቤት ሲሆን

የእኛ ሰው ሲደውል የመጀመሪያ ጥያቄው «ሌባ ይይዛል?» ነው። አይፈረድበትም። ባገራችን እረኛው ልጁ ነው፤ የውሻው ድርሻ ጅብና ሌባ ማባረር ነው። ቦርደር ኮሊ ግን መንጋ ይነዳል እንጂ በር አይጠብቅም። ጓሮ ታስሮ የሚውል ዘበኛ ለሚፈልግ ቤት አልሰጥም።

ሌላም አለ። ባልና ሚስት ወደውት ይሆናል፤ ግን በመስከረም ከአገር ቤት የምትመጣው አያትስ? ስድስት ወር ነው የምትቀመጠው። ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱን ካልተቀበለች ወይ ውሻው ጓሮ ይጣላል ወይ አያት ታኮርፋለች። ስለዚህ አሁን በስልክም ቢሆን አያትን አናግራለሁ። ቀልድ አይደለም።

በመጀመሪያው ሳምንት መፍረድ

አዲስ ቤት የገባ ውሻ እንግዳ ነው። አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ሰዎችም «እንዴት ጨዋ ነው!» ይላሉ። እውነተኛ ጠባዩ የሚወጣው ሲለምድ ነው። በተቃራኒው ፈርቶ የሚያጉረመርምም አለ፤ እሱም ይለወጣል። ስለዚህ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ለሙከራ ይቆይ።

ወረቀቱም ላይ አትዘናጉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃው አብሮ ይሂድ። ከቆዳው ሥር ያለው መለያ ማይክሮቺፕ በአዲሱ ባለቤት ስም ይዙር፤ አለበለዚያ ውሻው ሲጠፋ የሚደወለው ለእናንተ ነው። «በነጻ ውሰዱልኝ» ብሎ ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ ደግሞ ይቅር። ማን እንደሚመጣ አይታወቅም።

በሩን መዝጋት

ሁለቱም ወሳጆች ሲደውሉልኝ አፍረው ነበር። ሯጩ ይቅርታ ሲጠይቅ አምስት ደቂቃ ፈጀበት። ያን ዕለት እኔም ትንሽ ቆጣ ብዬበታለሁ፤ አሁን ይጸጽተኛል። መመለስ የሚያሳፍር ነገር ከሆነ ሰው አይደውልም፤ ውሻውን ለማያውቀው ሰው አሳልፎ ይሰጣል። አሁን ገና ስሰጥ «ካልሆነ መልሱት፣ ሌሊትም ቢሆን» እላለሁ።

ቦቢን በመጨረሻ የወሰደችው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። የምትኖረው ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ውስጥ ነው፤ ግቢ የላትም፣ አትሮጥም፣ ጉልበቷንም ያማታል። ስትመጣ ግን ማስታወሻ ደብተር ይዛ ነበር፤ በየቀኑ ምን እንደምታስተምረው ጽፋ። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከችልኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ቦቢ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። እኔ ቤት አምስት ወር ሙሉ በዚያ ሰዓት ተኝቶ አላየሁትም።