አልጫን ያለ የዊንዶውስ ዝማኔ

የኮምፒውተርዎ ዝማኔ መሃል ላይ ሲቋረጥ ወይም ደጋግሞ «አልተሳካም» ሲል፣ ከሁሉ አስቀድመው በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የስህተት ቁጥር በወረቀት ያስፍሩ፤ ብዙ ሰው መስኮቱን ቶሎ ዘግቶ ዋናውን ፍንጭ ያጣል። ለምሳሌ ቁጥሩ በ80070070 የሚያልቅ ከሆነ በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ የለም ማለት ነውና ትልልቅ ፋይሎችን ወደ ሌላ ዲስክ ያዛውሩ፣ ሪሳይክል ቢንንም ባዶ ያድርጉ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን በ«ሪስታርት» እንደገና ያስነሱ። «ሻት ዳውን» ተመሳሳይ ቢመስልም አይተካውም፤ «ፋስት ስታርትአፕ» (ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገው የዊንዶውስ ቅንብር) በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን የሲስተሙን ከርነል (ዋና አንኳር ክፍሉን) እንዳለ በዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ መልሶ የሚያነሳው ሲሆን፣ ሁሉንም እንደ አዲስ የሚጀምረው ሪስታርት ነው።

ይህም ካልረዳ፣ በእኔ ግምት ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ተበላሽቶ የወረደ ፋይል ነው። «ሰርቪስስ» የሚለውን ፕሮግራም ከፍተው «ዊንዶውስ አፕዴት»ን ያቁሙ። ከዚያም በሲ ድራይቭ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ሥር ወዳለው «ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን» ገብተው «ዳውንሎድ» በተባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ብቻ ያጥፉ፤ የግል ሰነዶችዎ የሚቀመጡት ሌላ ቦታ ስለሆነ አይነኩም። ያቆሙትን «ዊንዶውስ አፕዴት» መልሰው ካስነሱ በኋላ ዝማኔውን ከሴቲንግስ እንደገና ያውርዱ።

በመጫን ላይ ሳለ መቶኛው ለረጅም ጊዜ ባይንቀሳቀስም የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሥራው አልቆመምና ኮምፒውተሩን በግድ አያጥፉት፤ ላፕቶፕም ከሆነ ከቻርጀሩ አይንቀሉት።