ፌኖልን ከፍሳሽ ውሃ በፈሳሽ ሜምብሬን እንዴት እናወጣለን?

ፌኖል የሚባለው ኬሚካል ያለበት ፍሳሽ ዝም ተብሎ አይለቀቅም። ለዓሣ መርዝ ነው። ውሃው በኋላ በክሎሪን ከታከመ ደግሞ ክሎሮፌኖል ይፈጠራል፤ እሱ በጣም ጥቂት ሆኖ እንኳ የውሃውን ጣዕምና ሽታ ያበላሻል።

እኔ የምወደው መፍትሔ ኬሚካል ኢንጂነሩ ኖርማን ሊ እ.ኤ.አ. በ1968 ፓተንት ያገኘበት ፈሳሽ ሜምብሬን ነው፤ አንዱን ነገር አሳልፎ ሌላውን የሚከለክል ስስ የፈሳሽ ግድግዳ ማለት ነው። ጥቃቅን የኮስቲክ ሶዳ ጠብታዎችን በዘይት እንሸፍንና ያንን ዘይት ፍሳሹ ውስጥ እንበትነዋለን። ፌኖል ዘይት ውስጥ ይሟሟል፤ ዘይቱን ተሻግሮ ሶዳው ጋ ሲደርስ ግን ሶዲየም ፌኖሌት ይሆናል፣ ፌኖሌት ደግሞ ዘይት ውስጥ ስለማይሟሟ መመለሻ የለውም። ገባ፣ ተቆለፈበት።

በሊትር 1 ግራም ፌኖል ያለበት 500 ሚሊ ሊትር ውሃ አለን እንበል። ከሁሉ በፊት ጓንትና መነጽር። ፌኖል ቆዳን እያደነዘዘ ስለሚያቃጥል መቃጠላችሁ ላይሰማችሁ ይችላል፣ በቆዳም በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ነጭ ጋዝ ስለምንጠቀም እሳትም አይቅረብ።

መጀመሪያ ኢመልሽኑን፣ ማለትም የሶዳ ጠብታዎች የተበተኑበትን ዘይት፣ ሥሩ። ዘይታችን ነጭ ጋዝ ነው፤ 25 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 1 ግራም ስፓን 80 (ጠብታዎቹ እንዳይዋሃዱ የሚይዝ ኬሚካል) አሟሙ። ለብቻ 2 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በውሃ አሟሙና 100 ሚሊ ሊትር አድርሱት፣ ይሄ 0.5 ሞላር (በሊትር ግማሽ ሞል) ነው። ከእሱ 25 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ሆሞጂናይዘሩ (በኃይል የሚመታው ማደባለቂያ) እየሠራ ዘይቱ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉ። አትቸኩሉ! በአንዴ ከደፋችሁት ጠብታዎቹ ትልልቅ ይሆኑና ቶሎ ይፈርሳል። በደቂቃ 8000 ዙር ገደማ ለ10 ደቂቃ ምቱት፤ ወተት የመሰለ ወፍራም ነጭ ነገር ታገኛላችሁ። አንድ ጠብታ ውሃ ላይ ጣሉ። ሳይበተን ድብልብል ብሎ ከቆየ ጥሩ ነው፣ ውሃውን ወተት ካስመሰለው ግን እንደገና ሥሩ።

ሶዳው ይበቃል ወይ? ውሃው ውስጥ ያለው ፌኖል 5.3 ሚሊሞል (የሞለኪውል ብዛት መለኪያ) ነው፣ ሶዳችን 12.5 ሚሊሞል። ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ይበቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ለማንኛውም» ብሎ ሶዳውን ያበዛል፤ ትልቅ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም የበዛ ሶዳ ስፓን 80ን ራሱን ይሰባብረዋል፣ ከውጭም ውሃ እየሳበ ኢመልሽኑን ያሳብጠዋል።

ቀጥሎ የፍሳሹን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) በትንሽ ሰልፈሪክ አሲድ 5 አካባቢ አድርጉት። ፒኤች 10 ሲደርስ ግማሹ ፌኖል ቻርጅ ይይዛል፣ ያ ደግሞ ዘይቱን አያልፍም።

አሁን ኢመልሽኑን ፍሳሹ ላይ ጨምሩና በደቂቃ ከ250 እስከ 300 ዙር አማስሉ። ሆሞጂናይዘር እዚህ አይነካም። ዋናው ጥበብ ያለው እዚህ ነው፦ ቀስ ካላችሁ አይበተንም፣ ከበረታችሁ ይፈርሳል። በ1፣ በ3፣ በ5 እና በ10 ደቂቃ ናሙና ውሰዱ። የፒኤች መለኪያውን ውጪኛው ውሃ ውስጥ ተዉት፤ ቁጥሩ እየወጣ ከሄደ ሶዳው እያፈሰሰ ነው ማለት ነው፣ ማማሰሉን ቀንሱ። ረዘም ባለ ቁጥር ይሻላል አትበሉ፤ የፈረሰ ኢመልሽን የያዘውን ፌኖል መልሶ ይተፋዋል።

መለያ ፈነል ውስጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ኢመልሽኑ ላይ ይንሳፈፋል፣ የታችኛውን ውሃ ቅዱና አጣሩ። የቀረውን ፌኖል በ4-አሚኖአንቲፓይሪን (ፌኖልን ቀለም በሚያስይዝ ኬሚካል) አቅልሙና የቀለሙን ድምቀት በ510 ናኖሜትር ብርሃን ለኩ። ፌኖል በሌለው ውሃ ያንኑ ሥራ ደግማችሁ እንደ መነሻ ያዙት፣ አለዚያ የዘይት ርዝራዥ ያሳስታችኋል።

የተረፈውን ኢመልሽን እንዳትጥሉት። በከፍተኛ ቮልቴጅ ወይም በሙቀት ይፈርሳል፤ ሙቀት ከመረጣችሁ በውሃ ገንዳ እንጂ በእሳት አይሁን። የላይኛው ዘይት ትንሽ ስፓን 80 ተጨምሮበት እንደገና ይሠራል፣ የታችኛው የሶዳ ውሃ ላይ ደግሞ ቀስ ብላችሁ አሲድ ስትጨምሩበት ፌኖሉ ተመልሶ ይወጣል።