ቦኔር ስንደርስ የጋለውን ሞተር እንዴት እንዳስተካከልነው

በካሪቢያን ባሕር ወዳለችው የቦኔር ደሴት ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን የሸራ ጀልባችን ሞተር መጋል ጀመረ። ሞተሩን አቀዝቅዞ ከጭሱ ጋር በኋላ በኩል መፍሰስ የነበረበት የባሕር ውሃ ጠብታ ብቻ ሆነ። ወዲያው አጥፍተን በሸራ ገባን። እዚህ መልህቅ መጣል ክልክል ነው። በደሴቲቱ ዙሪያ ያለው ባሕር ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥብቅ ፓርክ ስለሆነ ጀልባ የሚታሰረው ከዋናው ከተማ ከክራሌንዳይክ ፊት ለፊት በተዘጋጁት ማሰሪያዎች ላይ ነው። ኮራሉን ያየ ሰው ሕጉን ይወደዋል። ያለ ሞተር ማሰሪያውን መያዝ ግን ላብ ያስወጣል፤ በሁለተኛው ሙከራ ተሳካልን።

መነጽር አድርጌ ከጀልባው ሥር ጠለቅኩ። የውሃ ማስገቢያው ቀዳዳ ላይ ሳርጋሰም የሚባለው ቡናማ የባሕር አረም ተጠቅጥቋል። በጣቴ ጎትቼ አወጣሁት። ሞተሩን ስናስነሳው ውሃው አሁንም ቀጭን ነው።

የማስገቢያውን ቫልቭ ዘግተን የውሃ ፓምፑን ክዳን ፈታን። ውሃውን የሚገፋው የጎማ መዘውር ያለ ውሃ ሲሽከረከር ከስድስት ክንፎቹ ሁለቱ ተቆርጠዋል። መለዋወጫ ስለነበረን የሳህን ሳሙና ቀብተን ገጠምነው። እዚህ ላይ እንዳታቆሙ! የተቆረጡት ክንፎች የሆነ ቦታ መኖር አለባቸው። ቱቦውን ነቅለን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል አፍ ላይ አንዱን በፒንሳ አወጣን፤ ጥፍር የሚያህል ጥቁር ጎማ ነው። ሁለተኛው ከኋላው ተሰክቶ ነበር።

አሁን ውሃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ ደሴት በክላይን ቦኔር ጠለቅን።