ኤክሴል ላይ የሌብል ልክ አስተካክሎ ማተም

ኤክሴል ላይ የተሠራ ሌብል ሲታተም ከስቲከሩ ጠርዝ የሚያልፈው በአብዛኛው ልኬቱ ስለሚያሳስት ነው። የአምድ ስፋት የሚቆጠረው በመደበኛው ፎንት ስንት አኃዝ እንደሚይዝ ነው፤ የረድፍ ቁመት ደግሞ በፖይንት ሲሆን 72 ፖይንት አንድ ኢንች ነው። ሁለቱም ላይ 20 ብለው ቢጽፉ እኩል ጎን ያለው ሴል አያገኙም።

ለምሳሌ 21 ሌብል ያለውን ኤ4 ወረቀት እንውሰድ፦ ሦስት ወደ ጎን፣ ሰባት ወደ ታች፣ እያንዳንዱ 6.35 በ3.81 ሴንቲሜትር። ወደ ጎን በሌብሎቹ መካከል 2.5 ሚሊሜትር ክፍተት አለ፤ ወደ ታች ግን የለም። ወረቀትዎ ሌላ ዓይነት ከሆነ በማስመሪያ ይለኩት።

የፋይሉን መደበኛ ፎንት (ኖርማል ስታይሉን) መቀየር ካሰቡ አሁኑኑ ይቀይሩ። ኋላ ከቀየሩት የአምዶቹ ስፋት አብሮት ይለወጣል። ሴሎቹን ብቻ መርጦ ፎንታቸውን ኒያላ (የአማርኛ ፎንት) ማድረግ ግን ስፋቱን አይነካም።

ቀጥሎ ፔጅ ሌይአውት ውስጥ ወረቀቱን ኤ4 ያድርጉ፤ ሌተር ላይ ከቆየ ምንም ቢለኩ አይገጥምም። ማርጅን ከላይ 1.51፣ ከግራ 0.72 ሴንቲሜትር። የቀኙን 0.5፣ የታችኛውን 1 ያድርጉት፤ ትንሽ ትርፍ ቦታ ከሌለ የመጨረሻው አምድ ወይም ረድፍ ወደ ሌላ ገጽ ይዘላል። ገጹን መሃል ላይ የሚያደርጉትን ምልክቶች ያጥፉ። ስኬል 100 ፐርሰንት ይሁን።

አሁን ቪው ውስጥ ገብተው ፔጅ ሌይአውት የሚለውን እይታ ይክፈቱ። እዚህ እይታ ላይ ስፋትም ቁመትም በሴንቲሜትር ይገባል (ኢንች ከመጣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ፣ ሩለር ዩኒትስ ላይ ይለውጡ)። ኤ፣ ሲ እና ኢ አምዶችን 6.35፣ ቢ እና ዲን 0.25፣ ከ1 እስከ 7 ያሉትን ረድፎች 3.81 ያድርጉ። በፖይንት የሚሠራ ሰው ረድፉን 108 ይበለው፣ ያው ነው። ከ21 በላይ ሌብል ካለዎት ረድፎቹን ወደ ታች ይቀጥሉ፤ በየሰባቱ ገጹ ራሱ ይቆረጣል።

ጽሑፉ ላይ ራፕ ቴክስት ያብሩና መሃል ያድርጉት። የአማርኛ ፊደል ቁመቱ ስለሚበልጥ በላቲን አራት መስመር የያዘው ሴል በአማርኛ ሦስት ብቻ ሊይዝ ይችላል። ረድፉ እንዲሰፋ አይፍቀዱ፤ ፎንቱን ያሳንሱ።

ሌብሉን ከማባከንዎ በፊት ለጊዜው ቦርደር አስምረው በተራ ወረቀት ያትሙ። ፕሪንተሩ መስኮት ውስጥም «ፊት» (Fit) የሚለው ጠፍቶ «አክችዋል ሳይዝ» መመረጥ አለበት። የታተመውን ከሌብሉ ጋር ደርበው ወደ ብርሃን ይያዙት፦

– ሁሉም ነገር በስፋትም በቁመትም እኩል ካነሰ፣ አንድ ቦታ ላይ ስኬል በርቷል።
– ልኩ ትክክል ሆኖ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከሄደ፣ ማርጅኑን ብቻ ይንኩ።
– አምዱ ብቻ ከጠበበ፣ የተፈለገውን ስፋት ለወጣው አካፍለው ባስገቡት ቁጥር ያባዙ። 6.28 ከወጣ 6.42 ያስገቡ።

ትንሽ ነው ብለው አይለፉት፤ በረድፍ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሳሳት ሰባተኛው መጨረሻ ላይ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ይደርሳል።

ለእውነተኛው ሕትመት ቦርደሩን ያጥፉ፤ ወረቀት ሲገባ ጥቂት ማዘንበሉ አይቀርም፣ መስመሩ ደግሞ ያጋልጠዋል። ግማሹ የተላጠ ሌብል ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ደግመው አያስገቡ፤ ሙቀቱ የቀሩትን አላቆ ከውስጥ ያጣብቃቸዋል።