የእጅ አንጓ እንቅስቃሴ መለኪያን መረጃ በአር መተንተን፦ በሰሜን ሸዋ ገጠር ለሚሠሩ

በመንዝ ገበሬ አንጓ ላይ ለ7 ቀን የታሰረ መለኪያ በሰከንድ 100 ጊዜ ከመዘገበ 60,480,000 መስመር ይዞ ይመጣል። ኤክሴል የሚችለው 1,048,576 ብቻ ነው። በነጻ የሚገኘው አር (R) የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ በላዩ የሚጫነው ጂጂአይአር (GGIR) የተባለ ጥቅል ታክሎበት፣ አክሲቪቲ፣ ጄኔአክቲቭና አክቲግራፍ የተባሉትን መለኪያዎች ጥሬ ፋይል በቀጥታ ያነባል። ብዙውን ጊዜ ሥራው የሚበላሸው ግን ከስሌቱ በፊት፣ በሰዓትና በቀን ላይ ነው።

የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ብላችሁ ስጡት። ዝም ካላችሁ ጥቅሉ የኮምፒውተራችሁን ቀጠና ይወስዳል፤ ውጭ አገር ያለ ባልደረባ ሲያስኬደው ሁሉም ሰዓት ይዛነፋል። መለኪያው በሌላ ቀጠና ተዘጋጅቶ ከሆነ ያንን ለብቻ አስገቡ።

ሰውየው የተኛበትና የተነሣበት ሰዓት የሚጻፍበት የእንቅልፍ መዝገብ በእኛ ሰዓት ስለሚሞላ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ «ቀን» ወይም «ሌሊት» የሚል ዓምድ ጨምሩ። ለቀን ሰዓት 6 ደምሩ። ለሌሊት ሰዓት 18 ደምሩና 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱ፦ ማታ 3 ሰዓት 21፡00፣ ሌሊት 11 ሰዓት 5፡00 ይሆናል። የምሽቱ 12 ሰዓት ከቀን ወገን ነው፤ 18፡00 እንጂ 6፡00 አይደለም። «ሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት» የተባለ ለሰኞ አጥቢያ ይሁን ለማክሰኞ አጥቢያ አይታወቅም፤ ጠያቂዎቹ አጥቢያውን እንዲጽፉ አስጠንቅቁ። ከዚያ ጥቅሉ የሚያወጣውን የእያንዳንዱን ሰው የእንቅስቃሴ ሥዕል እዩ፦ መዝገቡ ተኝቷል የሚልበት ሰዓት መለኪያው ጸጥታ ካሳየበት በ6 ሰዓት ከራቀ ልወጣው ተዘንግቷል ማለት ነው።

የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን ለመለወጥ ይህ ቀመር ይበቃል፦ 365 × (ዓመት − 2000) + (የዓመት ÷ 4 ሙሉ ቁጥር) − 500 + 30 × (ወር − 1) + ቀን − 1። ውጤቱን በአር ውስጥ በ2007-09-12 ላይ ደምሩት። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. 2023-09-12 ከሰጣችሁ ትክክል ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር አድርጋችሁ አስገቡ።

ጥቅሉ መለኪያው በሦስት አቅጣጫ የመዘገበውን ፍጥነት ለውጥ ወደ አንድ መጠን አጠቃሎ የምድርን ስበት፣ 1 ጂ፣ ይቀንስና ከዜሮ በታች የሆነውን ዜሮ አድርጎ በየ5 ሰከንዱ አማካይ ያወጣል። ስለዚህ መለኪያው ትንሽ ከተዛባ የተኛው ሰው የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ራስ-ማስተካከያውን አታጥፉት፤ ካስተካከለ በኋላ የቀረው ስህተት ከ10 ሚሊ ጂ (የጂ ሺኛ) በላይ የሆነበትን ፋይል ለይታችሁ መርምሩ። ጥቅሉ መለኪያው አለመታሰሩን የሚያውቀው በ60 ደቂቃ መስኮት ነው፦ ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ የንባቡ መዋዠቅ (መደበኛ ልይይቱ) ከ13 ሚሊ ጂ፣ በትልቁና በትንሹ ንባብ መካከል ያለው ስፋትም ከ50 ሚሊ ጂ ሲያንስ። በደብረ ብርሃን ብርድ ሌሊት ሰውየው ፍጹም ሳይነቃነቅ ቢተኛ እንዳልታሰረ ሊቆጠር ይችላል፤ መለኪያው ሙቀት የሚመዘግብ ከሆነ አጠራጣሪውን ሌሊት በሙቀቱ አጣሩ። ከወለቀ በውጭው ብርድ ሙቀቱ ይወርዳል።

ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ እንቅስቃሴ የሚጀምሩባቸውን የ40፣ የ100 እና የ400 ሚሊ ጂ ወሰኖች እንደ ሕግ አትያዟቸው። ገበሬ ሲያርስ አንድ እጁ እርፉን፣ ሌላው ጅራፉን ይይዛል፤ ከባዱን ጉልበት የሚያወጣው የእርፉ እጅ ከጅራፉ እጅ ያነሰ ሊያሳይ ይችላል። ተቀምጣ ሱፍ የምትፈትል ሴት ደግሞ እጇ ስለማያርፍ ከድካሟ በላይ ይቆጠርላታል። መለኪያው የታሰረበትን እጅና ያ እጅ በእርሻ ጊዜ የሚይዘውን መዝግቡ፤ ፈትልን ከእርሻ ጋር በደቂቃ አታነጻጽሩ።

ጥቅሉ ቀኖችን «የሥራ» እና «ቅዳሜና እሁድ» ብሎ ይከፍላል። በሰሜን ሸዋ ቅዳሜ ገበያ ሊሆን ይችላል፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ወይም በ29 በዓለ እግዚአብሔር ደግሞ ሞፈር የማይነሣበት ሰፈር ብዙ ነው። በይፋት በኩል የሙስሊሙ ዓርብ አለ። ስለዚህ የራሳችሁን ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ እርሻ፣ በዓል፣ ገበያ፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ። በቀንና በሰው መለያ ከጥቅሉ የዕለት ውጤት ጋር አገናኙት፤ መለኪያው ከ16 ሰዓት በታች የታሰረበትን ቀን ጣሉ። የአንድ ሰው ቀኖች ስለሚመሳሰሉ ተራ ሪግሬሽን አይሆንም፤ ኤልኤምኢ4 (lme4) በተባለው የአር ጥቅል፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መነሻ እንዲኖረው፣ ሰውን እንደ የዘፈቀደ ተጽዕኖ፣ የቀኑን ዓይነት እንደ ቋሚ ተጽዕኖ አስገቡ።