ከፀሐይ ራስን ሲከላከሉ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች፦ ለጣና ዳር ነዋሪዎች

በባሕር ዳር የቆዳ ሕሙማንን ስናክም ደጋግመን የምናየው ስህተት የፀሐይን ጉዳት በሙቀቷ መለካት ነው። ቆዳን አቁስሎ ለካንሰር የሚዳርገው አልትራቫዮሌት ጨረር ሙቀት ሆኖ አይሰማም፤ ስለዚህ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው የሐይቁ ነፋስ ፊቱን ሲያቀዘቅዝለት ምንም ያልደረሰበት ይመስለዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ይበረታል። ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ሆና ጨረሯ የሚበረታው በዓመት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ አንደኛው በሚያዝያ አጋማሽ፣ ሁለተኛው ግን በክረምቱ መካከል፣ የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ሰሞን ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ፣ በተለይም ጥላዎ ከቁመትዎ ሲያጥር፣ ብርድም ቢሆን ይጠለሉ።

እጅግ የሚያሳዝነኝ ግን «ጥቁር ቆዳን ፀሐይ አይጎዳውም» የሚለው አባባል ነው። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም በእርግጥ ብዙ ይከላከላል፤ ነገር ግን በመካከላችን አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች አሉ፤ በቆዳቸው ውስጥ ይህ ቀለም ወይ የለም ወይ እጅግ ጥቂት ነው። እነዚህን ልጆች እንደ ወንድሞቻቸው በቀትር ከብት ማስጠበቅ፣ በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በእኩለ ቀን ስፖርት ማሠራት፣ ፊታቸው ሲቆስልም «ተፈጥሮው ነው» ብሎ ማለፍ ሕይወታቸውን ያሳጥራል። በጀልባ ረዳትነት የሚሠራ አልቢኒዝም ያለበት ወጣት ጆሮው ጫፍ ላይ ቅርፊት የያዘች ትንሽ ቁስል ወጣችበት። ቅርፊቷ በተነሣ ቁጥር ትደማለች፤ ቤተሰቡም ቴትራሳይክሊን ቅባት ይቀባታል። ወደ እኛ ሲመጣ የጆሮው ግማሽ ተበልቶ ነበር፤ ቀደም ብሎ ቢመጣ ግን ቀላል ቀዶ ሕክምና ይበቃው ነበር። ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ ቁስል፣ በተለይም በጆሮ፣ በታችኛው ከንፈር ወይም በእጅ ጀርባ ላይ ያለ፣ በቅባት የሚታለፍ አይደለም።

ያ ወጣት ከኮፍያ ተለይቶ አያውቅም። ኮፍያ ግን የሚያጠላው ግንባርንና አፍንጫን ነው፤ ጆሮና ማጅራት ባዶ ይቀራሉ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ዙሪያውን ሰፊ የሆነ የሰሌን ባርኔጣ ከዚያ ይሻላል። መምህራንንም አጥብቄ የምለምነው አለ፦ አልቢኒዝም ያለበትን ተማሪ ባርኔጣውንና ረጅም እጅጌውን «የደንብ ልብስ አይደለም» ብላችሁ አታስወልቁት፤ ዐይኑም ስለሚደክም ከሰሌዳው አጠገብ፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ርቆ ይቀመጥ።

ነጠላ መከናነብ መልካም ልማድ ነው፤ ይሁንና አንድ እጥፍ ነጠላ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩት ከወዲያ ያለው ነገር ከታየዎት ጨረሩም በዚያው ቀዳዳ ይገባል። ደርበው ይልበሱት፣ ወይም ጥላ ይያዙ።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከልብስና ከጥላ ቀጥሎ የሚመጣ እንጂ የእነሱ ምትክ አይደለም። ጠዋት ጥቂት ነካ አድርጎ እስከ ማታ መተማመን ከንቱ ነው፤ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ኤስ.ፒ.ኤፍ. የተባለው ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ አውጥቶ መቀባት፣ ደጅ እስከዋሉ ድረስም በየሁለት ሰዓቱ፣ ከዋኙ ወይም ካላበዎት ደግሞ ወዲያውኑ መድገም ያስፈልጋል። ቫዝሊን ከፀሐይ አይከላከልም። ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ደግሞ ቆዳው የነበረውን መከላከያ ስለሚቀንስ ከነጭራሹ ቤት ባይገባ ይመረጣል።

ጨቅላን ፀሐይ ማሞቅ በማለዳ እንጂ በቀትር አይደረግም።

በመጨረሻም፣ በጥቁር ቆዳ ላይ የሚወጣው ሜላኖማ የተባለው ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። በ1973 ዓ.ም. ያረፈው ቦብ ማርሊ ሕመሙ የጀመረው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። ይህን ዓይነቱን ጥላ አይከለክለውምና እግርዎን ሲታጠቡ ውስጥ እግርዎን ገልብጠው ይመልከቱ፤ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣ ጥቁር መስመር ካዩ፣ ባያምዎትም ለቆዳ ሐኪም ያሳዩት።